“ተከራይ ነኝ”

ስምንት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ አንድ ምስማር አልመታሁም። እናቴ ከስንቅ ጋር የላከችልኝ የማርያም ሥዕል በፌስታል እንደተጠቀለለች ከአልጋ ሥር ኖራለች። መጋረጃዬ በሲባጎ ነበር የሚንጠለጠለው፤ መጻሕፍቴም ከካርቶን ወጥተው አያውቁም። የመጣ ሰው ዙሪያውን አይቶ “ምነው፣ ገና አልተደላደልክም እንዴ?” ሲለኝ “ተከራይ ነኝ እኮ” እለዋለሁ። ወዲያው ይገባዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህች ቃል የማትገባው ሰው የለም፤ አዘኔታም ይቅርታም አብረዋት ይመጣሉ።

እኔ ግን ከልክ በላይ ሠራሁባት። ለቤት ኪራይ ብቻ ሳይሆን ላልመለስኩት ሰላምታ፣ ላልከፈልኩት መዋጮ፣ ላልደረስኩበት ልቅሶ ሁሉ መልስ አደረግኋት። አንድ ጊዜ ደግሞ ከሥሯ ተደብቄ ሰው አስቀጣሁባት። ነገሩን የብሎካችን ሰው ያውቀዋል፤ ከነምክንያቱ ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አዲስ አበባ የገባሁት በ2008 ከደብረ ማርቆስ፣ በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ ነው። የመጀመሪያ ቤቴ አየር ጤና አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ያለች ሰርቪስ ክፍል ነበረች። ሦስት በአራት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ ማዳበሪያ፤ በወር 1,500 ብር። ሕጉ የተነገረኝ ቀብዱን ከከፈልኩ በኋላ ነው። የግቢው በር ማታ 3 ሰዓት ይቆለፋል። ካውያ አይቻልም፤ ምድጃም እንዲሁ። እንግዳ አያድርም። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው። የቤቱ እመቤት፣ እትዬ ነበር የምንላቸው፣ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በሳህን ይልኩልኛል። ግን መጸዳጃ ቤት ስንት ጊዜ ውሃ እንደደፋሁ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁ ነበር።

በ14ኛው ወር “ልጄ ከዓረብ አገር ልትመጣ ነው፤ ክፍሉን ፈልጌዋለሁ” አሉኝ። ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የረሳሁትን ጫማ ልወስድ ብመለስ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው በ2,200 ብር የገባ ጎልማሳ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሦስት ቤት ቀየርኩ። አንዱ አከራይ “ላድሰው ነው” አለኝ፤ አንዷ “ልሸጠው ነው”፤ ሦስተኛው ምክንያት ፍለጋ እንኳ አልደከመም፣ “2,000 ጨምር” ብሎ ቁጥሩን ነገረኝ። የአዲስ አበባ አከራይ ልጅ ሁልጊዜ ከዓረብ አገር ልትመጣ ነው፤ ደርሳ ያየኋት ግን የለችም።

በየዝውውሩ ለደላላ የወር ኪራዩ 10 በመቶ፣ ለአዲሱ አከራይ የሦስት ወር ቅድሚያ፣ ለጫኝና አውራጅ ደግሞ ያለ ጭቅጭቅ የማይዘጋ ሒሳብ ነበረ። ተዘዋዋሪ ሰው የሚማረውን ተማርኩ፤ አታብዛ። ዕቃ አታብዛ፣ ሰውም አታብዛ። ንብረቴ አንድ ዳማስ አይሞላም ነበር፤ በዚህም እኮራለሁ። የጎረቤት ስም በቃሌ አልይዝም ነበር፤ ስሙን ከያዝኩት ስለቅ ልሰናበተው ነዋ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገባሁት በመስከረም 2015 ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ 7,500 ብር። አከራዬ በ1997 ተመዝግቦ፣ ጠብቆ ጠብቆ ዕጣ የወጣለት ሰው ነው። ኮንዶሚኒየም የተሠራው ለእሱ ዓይነቱ ነበር፤ ቤት የሌለው የከተማ ነዋሪ 20 በመቶውን ከፍሎ፣ 80ውን በባንክ ብድር እየከፈለ እንዲኖርበት። እሱ ግን የባንኩን ክፍያ የቻለው ዕጣ የወጣለትን ቤት ለእኔ አከራይቶ፣ ራሱ ዓለም ገና ርካሽ ቤት ተከራይቶ በመኖር ነው። አከራዬም ተከራይ ነው ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው፤ የት እንደሚኖር ጠይቄው አላውቅማ። በብሎካችን ካሉት 25 ቤቶች በ16ቱ የሚኖረው ተከራይ መሆኑንም ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ኮንዶሚኒየም ከሰርቪስ ክፍል የሚለየው አከራይ ግቢው ውስጥ ባለመኖሩ ነው። ማታ 6 ሰዓት ትገባለህ፣ ሸሚዝህን ትተኩሳለህ፣ እንግዳህን ታሳድራለህ፤ ማንም “ማነው?” አይልህም። በዚህ ደስታ ሌላውን ነገር አላየሁትም። አከራይ የማይኖርበት ሕንጻ ደግሞ ራሱን ማስተዳደር አለበት። የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ማን ይቀይራል? የፍሳሽ ቱቦው ሲደፈን መኪናውን ማን ይጠራል? ዘበኛውን ማን ይከፍለዋል? ለዚህ ኮሚቴ አለ፣ ወርኃዊ መዋጮ አለ፣ ስብሰባ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ እድር አለ። የዘበኛውን 150 ብር በየወሩ እከፍል ነበር። ከዚያ ውጭ ላለው ሁሉ መልሴ የታወቀ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ የስድስት ዓመት ልጇን “ቡና ደርሷል ብለሽ ጥሪው” ብላ ላከችብኝ። “ሥራ ላይ ነኝ በያት” አልኩ። በሳምንቱ ደግማ ላከች። ሦስተኛ ጊዜ በሩ ሲንኳኳ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ፍራሼ ላይ እንደተቀመጥኩ ልጅቷ እስክትወርድ ጠበቅሁ። እሷ ግን አልቸኮለችም፤ በሩ ላይ ተደግፋ ለራሷ እየዘፈነች ቆየች። የ32 ዓመት ሰው ከስድስት ዓመት ሕፃን ሲደበቅ አስቡት።

ከዚያ እማማ መጡ። እማማ ምድር ቤት ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው 70 ሊሞላ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የእድሩን መዝገብ በብብታቸው ይዘው አራት ፎቅ ወጡ። በየማረፊያው ሲቆሙ፣ የከዘራቸው ድምፅ ሲቀርብ፣ ከውስጥ ሆኜ እሰማ ነበር።

“ልጄ፣ እድር ልጽፍህ ነው የመጣሁት። መግቢያው 500፣ በወር 50 ነው።”

“እማማ፣ እኔ ተከራይ ነኝ። ነገ የት እንደምሆን አላውቅም።”

“የነገውን ተወው። ዛሬ የት ነው የምታድር?”

“እዚሁ።”

“እኮ!”

ሳቅሁና “ላስብበት” አልኳቸው። ያን ሁሉ ደረጃ የወጡ ሴት በር ላይ ቆመው ተመለሱ። “አረፍ ይበሉ” አላልኩም፤ ውሃ እንኳ አልሰጠኋቸውም።

ስለ ውሃ ካነሣሁ አይቀር፣ የእኛ ብሎክ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ያን ጊዜ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነበር። ሲመጣም ጉልበቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያልቃል። ምድር ቤት ያለው በርሜሉን ሲሞላ አራተኛ ፎቅ ያለው የቧንቧውን ፉጨት ያዳምጣል። በጥር 2015 ኮሚቴው መላ አመጣ፤ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከሕንጻው ጎን ይተከላል፣ በፈረቃው ሌሊት ይሞላል፣ ከሥሩ ባለው ቧንቧ ሁሉም በተራ ይቀዳል። መዋጮው በየቤቱ 1,800 ብር ነው። ለአከራዬ ደወልኩ። “ውሃውን የምትጠጣው አንተ ነህ” አለኝ። “ሮቶው የሚቀረው ግን ለአንተ ነው” አልኩት። ሁለታችንም እውነት ይዘን ነበር፤ ሁለታችንም አልከፈልንም። ሌሎቹ ተከራዮች እንዴት እንዳደረጉ የሰማሁት ኋላ ነው። አንዱ ከኪራዩ አስቀንሶ፣ አንዷ በሦስት ጊዜ ከፋፍላ፣ አንዱ ደግሞ ከአከራዩ ጋር እኩል ተካፍሎ ከፍለዋል። መንገዱ ለእኔም ክፍት ነበር።

ያልከፈለ አይቀዳም ተባለ። በቧንቧው ላይ የብረት ሳጥን ተሠራ፣ ቁልፍ ተደረገበት፣ መክፈቻው ዘበኛው ዘንድ ሆነ። እኔ ተሸክመው ከሚሸጡ ልጆች ጀሪካኑን በ20 ብር እየገዛሁ “መብቴ ነው” እል ነበር። መብቴ እስከ የካቲት መጨረሻ ቆየ።

ቅዳሜ ሌሊት ነው። ሰኞ የሚገባ የሒሳብ ሪፖርት ይዤ ሁለት ቀን አምሽቻለሁ፤ ገላዬን አልታጠብኩም፤ ጀሪካኖቼ ባዶ ናቸው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ሁለት ጀሪካን ይዤ በባዶ እግሬ ወረድኩ። ቁልፉ ሳጥኑ ላይ ተንጠልጥሏል እንጂ አልተቆለፈም። ዘበኛው በሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቤት በጋቢ ተጠቅልሏል። አንዱን ጀሪካን ሞላሁ። ሁለተኛውን አጋምሼ ሳለሁ ከምድር ቤት በሮች የአንዱ መቀርቀሪያ ሲላቀቅ ሰማሁ። ጀሪካኖቹን አንጠልጥዬ ወደ ላይ ሮጥኩ። ሦስተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ ስደርስ ቧንቧውን መዝጋት አለመዝጋቴ ጠፋኝ። ቆምኩ። ከታች ድምፅ የለም። ወርዶ ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። “ዘግቼዋለሁ” አልኩ ለራሴ፣ ወጣሁ፣ ታጠብኩ፣ ተኛሁ። ጥሩ እንቅልፍ ነበር።

5,000 ሊትር ማለት 250 ጀሪካን ነው። ጠዋት በጩኸት ነቅቼ በመስኮት ሳይ መኪና ማቆሚያው ረግረግ ሆኗል። የሚቀጥለው ፈረቃ ማክሰኞ ሌሊት ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ያቺ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣ ቡና የጠራችኝ ሴትዮ፣ ጨቅላ ልጇን ክርስትና የምታስነሣበት ቀን። ድንኳን ተተክሏል፣ ድስቱ በየምድጃው ተጥዷል፣ የሳህኑ ክምር ይጠብቃል፤ ማጠቢያ ግን የለም። ሰዎች ጀሪካን ይዘው ወደ ሌላ ብሎክ ሲሮጡ፣ ባልየው ስልክ ላይ ከውሃ ቦቴ ሹፌር ጋር በዋጋ ሲከራከር አያለሁ። እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነኝ። ሲባጎዋን በሁለት ጣቴ ይዣታለሁ።

ጥፋቱ ዘበኛው ላይ ወደቀ። ልጁ 20 ዓመት ቢሞላው ነው፤ ከዳውሮ የመጣ፣ ቀን የሚማር፣ ማታ የሚጠብቅ። ሳጥኑን አለመቆለፉን አመነ። ቧንቧውን ግን “አልነካሁም” አለ። ማን ይመነው? ኮሚቴው ከደመወዙ በየወሩ 300 ብር እንዲቆረጥ ወሰነ። ለስንት ወር እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ደረጃ ላይ ሲወራ ሁለት ወር የሰማሁ መሰለኝ። ማታ የኮሚቴው ጸሐፊ የውሳኔውን ወረቀት ይዞ ለፊርማ በየቤቱ ዞረ። የእኔንም በር አንኳኳ። ልቤ አፌ ደርሶ ከፈትኩ። ወደ ዝርዝሩ ተመለከተና “ውይ ይቅርታ፣ አንተ ተከራይ ነህ፤ መዋጮውንም አልከፈልክም። የከፈለ ብቻ ነው የሚፈርመው” ብሎኝ ተመለሰ።

እፎይ አልኩ። ሌላ ነገር ተሰማኝ ብል እዋሻለሁ። ያቺ ቃል ሳልጠራት ራሷ በሬ ድረስ መጥታ አዳነችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ልጁ “ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?” ይለኛል፤ እኔም “እግዚአብሔር ይመስገን” ብዬ አልፋለሁ። አንድ ቀን 50 ብር ጉርሻ ሰጠሁት። ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀብሎ መረቀኝ።

በጥቅምት 2016፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተደርቤ። መካኒሳን አልፈን ወደ ሳር ቤት ስንቃረብ ወንድሜ ደወለ።

“የት ነህ?”

“ታክሲ ውስጥ።”

ዝም አለ። ከዚያ “አጠገብህ የምታውቀው ሰው አለ?” አለኝ።

ይህ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። አባቴ ሌሊት አርፏል።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሳይነጋ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ተሰባስቦ መጥቶ በርህን ያንኳኳል፤ ከፍተህ ያን ሁሉ ፊት በአንድነት ስታይ ገና አፍ ሳይከፍቱ ይገባሃል። ስትወድቅ የሚይዝህ እጅ፣ ፊትህን የሚያጥብህ ሰው አለ። ጨካኝ ይመስላል እንጂ ብዙ የታሰበበት ወግ ነው። ወንድሜን ኋላ ላይ “እንዴት በታክሲ ውስጥ?” ብዬ ተቆጣሁት። “እና ማን ጋ ልደውል?” አለኝ። “ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ስትኖር አንድ የጎረቤት ስልክ ሰጥተኸን ታውቃለህ?”

ረዳቱ ሳር ቤት አወረደኝ፤ ሒሳብም አልተቀበለኝ። እንዴት ወደ ጀሞ እንደተመለስኩ አላስታውስም። በብሎኩ በር ስገባ ያየኝ ዘበኛው ነው። “ጋሼ፣ ምን ሆኑ?” “አባቴ” ብቻ አልኩት። በክንዴ ይዞ የራሱ ዱካ ላይ አስቀመጠኝና ወደ እማማ ቤት ሮጠ።

አገር ቤት ልሄድ አልቻልኩም። በዚያ ሰሞን የጎጃም መንገድ በአማራ ክልል በነበረው ጦርነት ምክንያት አንድ ቀን ሲከፈት በማግሥቱ ይዘጋ ነበር፤ የያዝኩት ትኬትም ተሰረዘ። ልቅሶዬን ጀሞ ተቀመጥኩ። የእድሩ ድንኳን ለአባል ነው። እማማ “በእኔ ተራ ቁጥር አውጡት” ብለው አስወጡት። ሦስት ቀን ሙሉ ቡናውን ያፈላችው፣ ንፍሮውን የቀቀለችው ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ናት፤ ያ በክርስትናው ቀን ያለ ውሃ ያስቀረሁት ሕፃን ጀርባዋ ላይ ታዝሏል። አግዳሚ ወንበሩን ከኮሚናሉ የተሸከመው ዘበኛው ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ የወጡ ሴቶች የሚቀመጡበት ሲያጡ፣ ባዶውን ግድግዳና የታሸጉትን ካርቶኖች አይተው አንዷ ቀስ ብላ “ልትለቅ ነበር እንዴ?” አለችኝ። አንድ ዓመት ከአንድ ወር ኖሬበት ነበር።

በሠልስቱ ማታ ሰው ሲበተን እማማ ቀሩ። ለማጽናናት ብዙ የሚያወሩ ሴት አይደሉም፤ ስለ ራሳቸው ቤት ነበር የነገሩኝ። አዲስ ሙሽራ ሆነው መርካቶ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተው በገቡ በጥቂት ወር፣ ሐምሌ 1967 ላይ፣ ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። የእሳቸው አከራይ አንድ ባላባት ነበሩ፤ በአንድ ሌሊት ቀበሌ ሆነ። ኪራያቸው በወር 8 ብር። ቤቱ በልማት ፈርሶ ጀሞ ዕጣ እስኪደርሳቸው ድረስ እዚያው ተከራይ ሆነው ኖሩ።

“ሠላሳ ምናምን ዓመት ተከራይ ነበርኩ” አሉኝ። “ግራ ቀኜም ተከራይ ነው፤ ማዶውም ተከራይ ነው። ታዲያ እድሩን ማን ያቋቋመው ይመስልሃል? ባላባቱ?”

ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ “የድሮ ሰፈር” እያልን የምንናፍቀው፣ ልጅ በጋራ ያደገበት፣ በር ሳይቆለፍ የታደረበት መንደር፣ አብዛኛው የቀበሌ ቤት ነበር። የራሱ ካርታ ያለው በጣት ይቆጠራል። እኔ የተከራይ ጠባይ ነው ብዬ ስምንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር የተከራይ ጠባይ አልነበረም፤ የእኔው ነው። እትዬም አላስተማሩኝም፣ ደላላውም አልሸጠልኝም። አከራዮቼ አራት ጊዜ አስወጥተውኛል፤ በር ዘግቼ ትንፋሼን ውጬ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። የአከራይን በደል ለማሳነስ አይደለም፤ በደሉ በደል ነው፤ ልጁ ከደመወዙ ሲቆረጥበት ዝም ያልኩት ግን በእነሱ በደል አይደለም።

ለእማማ ያን ማታ እውነቱን ልነግራቸው አፌ ደርሶ ነበር። አልነገርኳቸውም። እድር ግን ተጻፍኩ፤ መግቢያውንም ያለፈውንም ከፈልኩ።

በመጋቢት 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ። አንባቢ ያውቀዋል፤ ያላወቀ ተከራይ ካለ ግን ይወቀው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ እንጂ አከራይ እንዳሻው አይደለም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አከራዬ ለምዝገባ ወረዳ ስንሄድ ከምከፍለው ያነሰ ቁጥር እንጻፍ ብሎ ለመነኝ፤ ግብሩ ከብዶታል። ተደብቆ የሚኖር ነገር አንድ ይበቃኝ ነበርና እምቢ አልኩ። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ፤ ከዚያ መጥቶ የመታጠቢያ ቤቱን በር አስጠገነልኝ።

ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ደረጃው ላይ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። ስሜ ከቤት ቁጥር ጋር በአንድ መስመር ተጽፎ አይቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ይላል፣ ማኅተም አለው። “ነገ የት እንደምሆን አላውቅም” የምለው ነገር በወረዳ ማኅተም ተሻረብኝ። ያን ቅዳሜ መዶሻ ተውሼ የማርያምን ሥዕል ልሰቅል ሞከርኩ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስማር አይወድም፤ ሁለት ቦታ ብሎኬቱ ተፈረካከሰብኝና ሦስተኛው ያዘ። ሁለቱ ቀዳዳዎች አሁንም አሉ፤ ስለቅ እጠይቅባቸዋለሁ።

ነገሩን ያወጣሁት በኅዳር 2017፣ በብሎኩ ስብሰባ ላይ ነው። አጀንዳው ሁለተኛ ሮቶና ፓምፕ ነበር። አንድ ሰው “እንደ ድሮው፣ ዘበኛው አፍስሶት እንዳይቀር” አለ፤ ሰውም ሳቀ። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል፤ እሱም ፈገግ አለ፤ ምን ያድርግ? ተነሣሁ። “እሱ አይደለም። ያን ሌሊት ሮቶውን ከፍቼ የሮጥኩት እኔ ነኝ” አልኩ። የቀለድኩ መስሏቸው ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ከዚያ የሚስቅ ጠፋ።

ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ቆዩ። “ያን ጊዜ ሁሉንም ቤት ጠይቀን ነበር” አሉ። “አንተጋ አልመጣንም። ተከራይ ነው፣ አልከፈለም፣ አይቀዳም ብለን አለፍንህ። ከሰው አልቆጠርንህም።” ይህ ከስድብ በላይ ከበደኝ፤ ለራሳቸው ጥፋት አድርገው ነው የተናገሩት። 1,800ውን የሮቶ መዋጮና የዚያን ቀን የቦቴ ውሃ ዋጋ እንድከፍል ተወሰነ። የልጁን ነገር “ከራሱ ጋር ጨርስ” አሉኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ መቀነቷን አጥብቃ ተነሥታ ወጣች። እስከ ጥምቀት ድረስ ቡና አልጠራችኝም። እማማ ደግሞ በከዘራቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ፤ “እኛን ምን ታየናለህ? እሱ ያውልህ።”

ማታ 600 ብር በፖስታ አድርጌ ወረድኩ። የሁለት ወር 300 መሆኑ ነው። የምናገረውን ደረጃው ላይ ተለማምጄ ነበር፤ ስደርስ ጠፋኝና “አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ” ብቻ አልኩት። ዱካው ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ያጠና ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ፖስታውን ተቀብሎ ከፈተው፣ ብሩን አወጣ፣ በአምፖሉ ብርሃን አንድ በአንድ ቆጠረው።

“ጋሼ፣ የሦስት ወር ነው የተቆረጠብኝ” አለኝ። “ሦስት መቶ ይጎድላል።”

አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አመጣሁለት።